ብሌን የትኛው ነው?

«አምስቱ የስሜት ሕዋሳት እነማን ናቸው?» ተብሎ ያልተጠየቀ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። መልሱም የታወቀ ነው፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ። ይኸው ተማሪ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሕዋስ የሕያዋን ሁሉ መሠረታዊ አሃድ እንደ ሆነ ይማራል። ታዲያ ዓይን አንድ ሕዋስ ነውን? በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን ተቀባይ የሆኑት ሕዋሳት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ቃሉ በጥንቱ አጠቃቀም የስሜት መሣሪያ ማለት ነበር፤ ዘመናዊው ሳይንስ ለሌላ ነገር ተዋሰው፤ የፊተኛው ትርጉም ግን ስፍራውን አልለቀቀም። ይህን እንኳ «የስሜት አካላት» በማለት መገላገል ይቻላል።

የባሰው የ«ብሌን» ጉዳይ ነው። በለመድነው አነጋገር ብሌን በዓይን መካከል ያለችው ጥቁር ክብ ናት። ስለ ዓይን ልገሳ ሲነገር ግን «የዓይን ብሌን» የሚባለው ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ ነው። በፊዚክስ ዓይን ሲታዩ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ጥቁሯ ክብ ቀዳዳ ናት፤ እንደ ብርሃኑ መጠን ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ትጠባለች፣ ትሰፋለች፤ ብርሃንን ትመጥናለች እንጂ አትሰብርም። ኮርኒያ ግን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ከዓይን ብርሃን የመስበር ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል። ተማሪዎቼ ይህን ክብር ሁሉ ለሌንሱ ይሰጡታል! ቀዳዳ ደግሞ ማንም ሊለግስ አይችልም። ስለዚህ ስስ ሽፋን ፈቃዱን የሚጠየቅ ቤተሰብ የሚጠየቀው ምን እንደ ሆነ በውል ሊያውቅ ይገባዋል።

«ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ምን አገባን?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይሁን እንጂ እናቱ ሐኪም ቤት ስትታከም ተማሪው የሚያስረዳት በእንግሊዝኛ አይደለም።

በእኔ እምነት ብሌን ለቀዳዳዋ ትተው፤ ኮርኒያና ሬቲናም እንዳሉ ይነገሩ። ከግእዝ አዲስ ቃል ካልቀመምን ማለቱን አልደግፍም። ታምቡርም ከውጭ የመጣ ቃል ነው፤ ሆኖም «የጆሮ ታምቡር» ስል ተማሪው የተወጠረ ቆዳ ሲመታ እንዴት እንደሚርገበገብ አስቀድሞ ያውቃልና የትምህርቱን ግማሽ ቃሉ ራሱ ያስተምርልኛል።