እጅ የገባ ሁሉ ገቢ አይደለም



ባለፈው የመኸር ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ቤት የበኩር ልጅ በዚያው ከተማ ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር ወጣት ነው። ከእራት በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ የቤቱን ሒሳብ አሳየኝ። በነፃ የሚገኘውንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ግኑካሽ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ጭኖ፣ የቤተሰቡን ገቢና ወጪ መመዝገብ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። የዚያ ወር ገቢ ተደምሮ 66,000 ብር ይላል። አባቱ መምህር ናቸው። ሳቅ ብለው «እኔ ይህን ሁሉ ብር የት አየሁት?» አሉ። እናትየው ግን አልሳቁም። «ብሩስ ታይቷል፤ የማን እንደሆነ ነው ያልታየው» አሉ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ተመለከትነው። 9,000 ብር ደመወዝ፣ 15,000 ብር ሪያድ የምትሠራው ልጃቸው የላከችው፣ 30,000 ብር የወጣላቸው ዕቁብ፣ 12,000 ብር ደግሞ ከዘመድ የተበደሩት ነው። አራቱም «ገቢ» ተብለው በአንድ መደብ ተጽፈዋል። ፕሮግራሙ በድምሩ አልተሳሳተም፤ ስህተቱ የመጣው ከስያሜው ነው።

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ገንዘብን በአምስት ይከፍሉታል፦ ንብረት፣ ዕዳ፣ ገቢ፣ ወጪና የተጣራ ሀብት። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ገቢንና ወጪን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ እጃችሁ በገባ ቁጥር «ይህን ለሌላ ሰው የመመለስ ግዴታ አለብኝን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ቦታው ዕዳ ነው እንጂ ገቢ አይደለም። በወጣ ቁጥርም «ብሩ ከቤቱ ሄደ ወይስ ቦታ ለወጠ?» በሉ። ከባንክ ወደ ቴሌብር የተዛወረ ብር ወጪ አይባልም።

ብድሩን በዚህ ጥያቄ ማስተካከል ቀላል ነበር። በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን ከነጊዜ ገደቡ በጽሑፍ ማስፈርን ያስተምረናልና፣ ወጣቱ 12,000 ብሩን ከነመመለሻ ቀኑ በዕዳ መደብ አሰፈረው።

ዕቁቡ ትንሽ ማሰብን ይጠይቃል። ዕቁቡ የ20 ሰው ሲሆን በወር 1,500 ብር ይጣላል። ዕጣው የወጣላቸው በአራተኛው ዙር ነው። ስለዚህ ከ30,000 ብሩ ውስጥ እስካሁን የጣሉት 6,000 ብር የራሳቸው ቁጠባ ነው። 24,000 ብሩ ግን በቀሩት 16 ዙሮች የሚከፍሉት ዕዳ ነው። በመጨረሻው ዙር ቢወጣላቸው ኖሮ ሁሉም የገዛ ቁጠባቸው በሆነ ነበር። በሁለቱም መንገድ ዕቁብ ገቢ አይሆንም።

ከባዱ የልጅቷ ገንዘብ ነበር። ማንም ጠይቋት አያውቅም። በዚያው ሌሊት በኢሞ ደወሉላት። «5,000ው ለእናንተ ነው፤ 10,000ው ስመለስ ሱቅ የምከፍትበት ነው፤ አስቀምጡልኝ ብዬ አልነበር?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። የሐዋላ ደረሰኞቹ ሲቆጠሩ ይህን ወር ጨምሮ 12 ወር ሆነ። የዚህ ወር 10,000 ብር ገና ባንክ ነበር፤ ቀሪው 110,000 ብር ግን በቤት ቆርቆሮ፣ በሰርግና በአስቤዛ አልቋል። የሰረቀ የለም፤ «ገቢ» ስለተባለ ብቻ ተበላ።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። ከወሎ ቤቶች ስንቱ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ልኳል? ያ ገንዘብ ደግሞ የማይቋረጥ አይደለም። በ2006 ዓ.ል. ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አደራዋ ያልተጻፈላት እህት ባዶ እጇን የምትገባው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ወጣቱ በዕዳ መደብ ሥር «የእህቴ አደራ» ብሎ 120,000 ብር ጻፈ። የወሩ ትክክለኛ ገቢም 14,000 ብር ሆነ። አባትየው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ጤፉ ሲሸጥ ይገኛል ከተባለው 24,000 ብር ግማሹ ወደ አደራው እንዲገባ፣ ቀሪው 12,000 ደግሞ በአንድ ወር እንዳይበተን በየወሩ 1,000 እየተባለ እንዲመደብ ተስማሙ። የመኸር ገቢ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በወር ነውና በ12 ከፋፍሎ መመደብ ያስፈልጋል።

ወደ ወጪው እንምጣ። ከፕሮግራሙ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ዝርዝር ለሌላ አገር ኑሮ የተሠራ ነው። የኬብል ቴሌቪዥንና የወለድ ገቢ የሚሉ መደቦች አሉት፤ ቅሬ የሚል ግን የለውም። የማያስፈልገውን ሰርዛችሁ የራሳችሁን ጻፉ። ሦስት ክፍል ይበቃል፦ በየወሩ የማይቀር (አስቤዛ፣ መብራትና ውኃ፣ ትራንስፖርት)፤ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ (የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም፣ የዒድ ልብስና እርድ)፤ ከሰው ጋር የሚያኖር (ቅሬ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ሶደቃ)። «ልዩ ልዩ» የሚለውን መደብ ጠንቀቅ በሉ፤ ሲያብጥ ከውስጡ የተደበቀ ነገር አለና ክፈቱት።

ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። ለዒድ 5,500 ብር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በ12 ሳይሆን በ11 አካፍላችሁ በወር 500 ብር ብታስቀምጡ ቀኑ አይቀድማችሁም።

ዘካን ከሶደቃ ጋር በአንድ መደብ አትጻፉ። የገንዘብ ዘካ ኒሷብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶ ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የፀሐይን ዓመት ነው። በእርሱ ብቻ የቆጠረ ሰው በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ ያልፈዋል። ስለዚህ የዘካ ቀናችሁን በሂጅራ አቆጣጠር ለብቻው መዝግቡ። የእህል ዘካ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም፤ ሲታጨድ በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛ፣ በመስኖ ከተለፋበት አንድ ሃያኛ ይወጣል። የየቤታችሁን ዝርዝር ጉዳይ በአቅራቢያችሁ ያሉትን ዑለማእ ጠይቁ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ኮምፒውተሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ወላጆቻችሁና ርቀው ያሉት እህቶቻችሁ ናቸው። በዚህ ወር መደብ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡ። ውጭ አገር ያለች እህት ካለቻችሁ ደውሉላትና ጠይቋት።