ግሉኮስ ካልተሰካ አልታከምኩም?

ሁዳዴ ሲጋመስ ያው የማውቀው ነገር ዘንድሮም ተጀመረ። ደብረ ታቦር ውስጥ የግል ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ «ድካም ድካም ይለኛል፤ አንድ ግሉኮስ ይደረግልኝ» የሚለው ሰው በዝቷል። ክሊኒኩም ያደርግለታል። ስለዚህ ጉዳይ መጻፌን የሰለቸ አንባቢ ይኖራል፤ የዚህ ሳምንቱ ግን ዝም አላስባለኝም።

ከክምር ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር ልጃቸው ይዟቸው የመጡ እናት ናቸው። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው አብጧል። ሁሉም «ጾሙ ነው» ብሏል። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ደረታቸውን ሳያዳምጥ፣ እግራቸውን ገልጦ ሳያይ 1 ሊትር ሰቀለላቸው። ነርሷ በደቂቃ ወደ 40 ጠብታ አድርጋው ወጣች፤ በዚያ ፍጥነት 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልጁ ግን የንፋስ መውጫው መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሏል። ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ጠብታው ጠብታነቱ ቀርቶ ክር ሆኖ ወረደ። ከረጢቱ ሲያልቅ እናቱ መተኛት አልቻሉም፤ ቁጭ ብለውም አየር አጠራቸው። ሆስፒታል ደርሰው ኦክስጅንና ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መርፌ ተሰጥቷቸው ተርፈዋል። ልባቸው ድሮም ታሞ ኖሯል፤ ያደከማቸው ጾሙ አልነበረም።

የክሊኒክ ባለቤቶች መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰው ስለሚጠይቅ ነው»። ሰው ስለጠየቀ ብቻ መድኃኒት የሚሰጥ ነጋዴ ነው፤ ሌላ ክርክር የለኝም።

ለመሆኑ «ጉልበት ይሰጣል» የሚባለው ከረጢት ምን ይዟል? ባለ 5 ፐርሰንቱ ግሉኮስ በ1 ሊትር 50 ግራም ስኳር ነው፤ እኛ ሻይ እንደምናጣፍጠው ከሆነ ሦስት አራት ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ማለት ነው። ስኳሩን ሰውነት ሲጠቀምበት የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ሲበዛ የደምን ጨው ያቀጥናል፤ በተለይ ሕፃናት ላይ አንጎል እስከማሳበጥ ይደርሳል። ስኳር በሽታ እንዳለበት ላላወቀ ሰው ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሌላው የሚሰቀለው ከረጢት፣ የጨው ውሃው፣ በሊትር 9 ግራም ጨው አለው፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ከባድ ሸክም ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃንም ራሱን እስካልሳተ ወይም የደም ዝውውሩ ክፉኛ ተዳክሞ ሾክ ውስጥ እስካልገባ ድረስ በደም ሥር ፈሳሽ አይሰጠውም፤ ልቡ አይችለውም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ትኩሳት በጠናባቸውና የደም ዝውውራቸው በተዳከመ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100ው ከ10 በላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7 ገደማ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ውጤት ነበር።

ከረጢቱን ጠልቼው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ሲገባ ክፉኛ የደረቀ ሰው ያለ እሱ አይተርፍም ነበር። ኮሌራ ክፉኛ ያደረቀው 60 ኪሎ ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ ሪንገር የሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ 6 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ማመንታት ነው የሚገድለው። መዋጥ የሚችል ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን ኦአርኤስ ይበቃዋል። እሱም ከጠፋ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል።

የእናትዮዋን ልጅ ግን አልወቅሰውም። መንኮራኩሯ ምን እንደምትሠራ ማን ነገረው? ነርሷ ለስንት በሽተኛ እንደምትሮጥ አይቻለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ከረጢቱን የሚጠብቀው አስታማሚው ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ ጠብታ የሚቆጠርበት የግድግዳ ሰዓት እንኳ የለም። እድሮቻችን ለድንኳንና ለወንበር የሚያወጡትን እናውቃለን፤ ለየታካሚው ክፍል ሰከንድ የሚቆጥር አንድ አንድ ሰዓት መግዛት አያቅታቸውም። ነርሷም ፕላስተር ቆርጣ ከረጢቱ ላይ ትለጥፍ፤ የተጀመረበትን ሰዓት፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሆነና የሚያልቅበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ትጻፍበት። ለአስታማሚውም «ይቺን እንዳትነካ፤ ካሳሉ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ጥራኝ» ትበለው።