ቅራሪና አረቄ በአንድ ሚዛን፦ የምሥራቅ አፍሪካ የቤት ጠመቃ ሙግት

ጠላ ጠማቂ የመጀመሪያውን ጠላ ቀድታ ስትጨርስ በጋኑ የቀረውን ድፍድፍ አትደፋውም። ውኃ ጨምራ ታሳድረዋለች። ከዚያ የሚገኘው ቅራሪ ለደቦ ሠራተኛ፣ ለልጅም ሆነ ለአዛውንት የሚቀዳ ቀጭን መጠጥ ነው። በእንግሊዝም ለዘመናት ይኸው ሲደረግ ኖሯል፤ የብቅሉ የመጀመሪያ ውኃ ጠንካራውን ቢራ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ትንሹ ቢራ» የሚባለውን ይሰጥ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በአውሮፓውያኑ 1757 በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፈረው የትንሽ ቢራ አሠራር ዛሬም በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ግብዓቶቹ ፉርሽካ፣ ሆፕስ፣ ሞላሰስና እርሾ ናቸው። ሆፕስ ለቢራ የሚሰጠውን ምሬት ለጠላ የሚሰጠው ጌሾ ነው።

በዋሽንግተን አገር ዛሬ ይህን መጠጥ በቤት መጥመቅ ወንጀል አይደለም። በ1978 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል ቢራ፣ ለሽያጭ እስካልዋለ ድረስ ያለ ቀረጥ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። አረቄ በቤት ማውጣትን ግን ይህ ሕግ አልፈቀደም። ሕጉ የለየው የሚጠመቀውን ከሚነጠረው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ድንበሩ የተሠመረው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በፋብሪካና በጓዳ መካከል።

ኬንያ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ናት። ከበቆሎና ከዳጉሳ የሚጠመቀው ቡሳ ከጠላ ጋር የሚቀራረብ መጠጥ ሲሆን ቻንጋ ግን አረቄ ነው። ሆኖም በፖሊስ ዘመቻ ሁለቱም በአንድነት «ሕገ ወጥ ጠመቃ» ተብለው መንገድ ላይ ሲደፉ ይታያል። በ2010 የወጣው የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ ቻንጋን በፈቃድ ሥር ለማስገባት ቢሞክርም፣ የሚጠይቀው ደረጃ በጓዳ ለሚሠሩ ሴቶች አቅም የተመጠነ አልነበረም። ከዚያ ቀደም በ2004 መንግሥት ድሃውን ጠጪ ወደ ፋብሪካ ምርት ለመሳብ፣ «ሴናተር» የተባለው ርካሽ የበርሜል ቢራ የቀረጥ እፎይታ እንዲያገኝ አድርጎ ነበር። በ2013 የኤክሳይዝ ታክስ ሲጣልበት ዋጋው ናረ፤ ሽያጩም አሽቆለቆለ። በተከታዩ ዓመት ግንቦት ወር ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ በአገሪቱ በርካታ ሰዎችን ገደለ። መንግሥት ቆይቶ እፎይታውን መለሰ።

መርዙ ከየት እንደሚመጣ መለየት ለክርክሩ ወሳኝ ነው። እህል ሲፈላ የሚፈጠረው ሜታኖል እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሕዝብ የሚጨርሰው በአብዛኛው ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል ለትርፍ ሲባል በአረቄ ላይ ሲጨመር ነው። በ2010 በኡጋንዳ ካባሌ አካባቢ 80 ገደማ ሰዎችን የፈጀው በሜታኖል የተበከለ ዋራጊ ነበር። በየካቲት 2024 በኬንያ ኪሪንያጋ 17 ሰዎች የሞቱበት መጠጥ ደግሞ በፖሊስ እጅ በማስረጃነት ተይዞ የነበረ እንደሆነ ተዘግቧል። ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ግን ዘመቻው ቡሳ የምትሸጠውንም እናት ይጨምራል።

በሱዳን የተከፈለው ዋጋ ከዚህም ከብዷል። ጃፋር ኒሜሪ በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ አልኮል ዓባይ ውስጥ እንዲፈስ አደረጉ። ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳ ለብዙ ማኅበረሰቦች ምግብም መጠጥም ነበር። ከደቡብና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው ካርቱም ዳርቻ የሰፈሩ ሴቶች በእርሱና በአረቄ ሽያጭ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ቆዩ። የኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤትን ከሞሉት መካከልም እነርሱ ነበሩ። የሽግግር መንግሥቱ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣትን የፈቀደው በሐምሌ 2020 ነው።

የቤት ጠመቃ ከአደጋ ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት ግን አይቻልም። በጥር 2015 በሞዛምቢክ ቺቲማ 75 ሰዎች በባህላዊ ቢራ ሲሞቱ መጀመሪያ የተጠረጠረው የአዞ ሐሞት ነበር። ምርመራው በኋላ የደረሰበት ግን በተበላሸ የበቆሎ ዱቄት ላይ የበቀለ ባክቴሪያ ያመነጨውን መርዝ ነው። ይህን ጋን የሚደፋ ፖሊስ አይከላከለውም፤ ዱቄቱን የሚያይ የጤና ሠራተኛ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ጠማቂዋ ካልተደበቀች በስተቀር ሊያገኛት አይችልም።

በኢትዮጵያ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ በእንጨት ተሰክታ የምትታየው ጣሳ ለመንገደኛው የምትነግረው ጠላ መኖሩን ነው። በናይሮቢ ጉስቁል መንደሮች ቡሳ ሻጯ እንዲህ ያለ ምልክት ብታቆም መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሊስ ሊሆን ይችላል።