የንብ ዕውቀት በየቤቱ ተደብቆ እስከ መቼ?

ንብ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለችም። ማሩ ለጠጅ፣ ለመድኃኒትና ለገበያ፣ ሰሙም ለጧፍ ሲያገለግል የኖረ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ መሆኗ የታወቀ ነው። በጎረቤታችን በላስታ፣ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚለውን ትውፊት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ከንብ ጋር የኖረ ሕዝብ ቀፎው ባዶ ሲቀር «ኮበለለ፣ ምን ይደረግ» ብሎ መቀመጥ ይገባዋል ወይ? እኛ አይገባውም እንላለን።

ንብ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ሁለቱ ከእጃችን የሚመጡ ናቸው። አንደኛው አቆራረጣችን ነው። በእበትና በጭቃ የተለቀለቀው ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ ማሩ ከነእጩ ይወጣል፤ እሳቱ ሲበዛ ንቡ ይቃጠላል፤ ለክረምት የሚሆን ስንቅም አይተርፍለትም። የተራበ መንጋ ደግሞ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ርጭት ነው። ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ አደዩንና መቹን ያደርቃል። መች ለአራሹ አረም ነው፤ ለንብ ግን እህሏ ነው። ለተባይ የሚረጨው ማላታይን ደግሞ ንቧን ራሷን ይገድላል። የሚያሳዝነው የሚረጨውና ቀፎ የሰቀለው ብዙ ጊዜ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴም አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

የዚህ መፍትሔ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አንዱ አባወራ በመጠን ቆርጦ እጩን መተው ያውቃል። ሌላው ቀፎውን በምን ዕፅ አጥኖ መንጋ እንደሚያስገባ ያውቃል። ግን ዕውቀቱ ከአባት ለልጅ፣ እሱም በምስጢር ነው። ማሩ ገበያ ሲወጣ ሙያው ቤት ይቀራል፤ ሽማግሌው ሲሞቱም አብሮ ይቀበራል። የሚደብቀውን ሰው አንወቅስም፤ ሲሳዬን ይሻሙኛል ብሎ ይሰጋል። ነገር ግን ንብ አጥር አታውቅም። ለቀሰም እስከ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። አውራዋም የምትጠቃው በአየር ላይ፣ ከሌላ ቀፎ በመጡ ድንጉላዎች ነው። ስለዚህ የጎረቤት ቀፎ ባዶ ሲሆን የእኛም ዘር ይደክማል ማለት ነው። ደብቆ የሚያተርፍ የለም።

«የፈረንጅ ንብ ቢመጣ ይሻላል» የሚሉም አይጠፉም። አንስማማም። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ንብ መርምረው ራሷን የቻለች ዝርያ ናት በማለት «ሲመንሲስ» ብለዋታል፤ ስሙ ስሜንን የሚያስታውስ ነው። የአገራችን ንብ ደጋውንም ቆላውንም ለምዳ የኖረች ናት። የውጭው ግን በሽታና ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም ያለንን ማብዛት ይቻላል። አውራ ያጣ መንጋ ከተፈለፈለ ሦስት ቀን ያልሞላው የሠራተኛ እጭ ካገኘ አዲስ አውራ ያሳድጋል፤ አውራ ከእንቁላል ጀምሮ በ16 ቀን ትወጣለች። ከላይ የሚከፈተው የሽግግር ቀፎ ከአካባቢ እንጨትና ጭቃ ይሠራል፤ በእሱ ብርቱውን መንጋ ለሁለት መክፈል ይቻላል።

ከመካከላችን «የመምህር ሥራ ጠመኔ ነው፤ ንብ የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። የግብርና ባለሙያው እኮ ስንቱን ጎጥ ያዳርሳል? ተማሪ ግን በየቀኑ ከየቤቱ ወደ እኛ ይመጣል። እኛም ገበሬውን ንብ ልናስተምር አንሄድም፤ እሱ ራሱ ለጎረቤቱ እንዲያስተምር መድረክ እንከፍታለን እንጂ።

ስለሆነም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ሁሉ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ንብ አናቢ አባትና እናት እየጋበዝን ያስተምሩ፤ ተማሪው ይጻፍ፤ የባለሙያውም ስም ከዕውቀቱ ጋር ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ርጭት ሲኖር ተማሪዎች ከዋዜማው ለየጎረቤቱ ይንገሩ፤ የሚረጨውም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ሲመሽ ይርጭ፤ አበባ የያዘ ማሳ ግን አይነካ። በ2002 ዓ.ም. የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል። አዋጅ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ዛሬ ማታ ልረጭ ነው» ብሎ በር የሚያንኳኳው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ፈቅደው በተቋማችን ግቢ ጥቂት ቀፎ ይሰቀል፤ በዙሪያውም ግራዋ ይተከል፤ እዚህ ያልነካነውን እዚያ ሄደን አናሳይምና።

ከንብ አናቢ ቤት የመጣችሁ ሠልጣኞችም ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ፣ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ የሚያውቁትን በአንድ ገጽ ጻፉና ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ለጥፉት። ቦታ ትተንላችኋል።