ኪራይ የሚወጣ መሣሪያ የሥራ መዝገብ ይኑረው

ከሆለታ በጊንጪ አልፎ እስከ አምቦ፣ ጉደርና ባኮ በሚዘልቀው መስመር ትራክተርና ኮምባይነር ገዝቶ ማከራየት ለከተማ ባለሀብት አንድ የሥራ አማራጭ ነው። የእርሻ መሣሪያዎች በ2011 ዓ.ም. ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱም ለዘርፉ በር ከፍቷል። ይሁንና ባለንብረቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ መሣሪያው ከኦፕሬተርና ከደላላ ጋር ሲዞር ይከርማል። ወቅቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመጣል፤ መሣሪያው የት ዋለ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ቀን ቆመ ለሚለው ግን መልሱ ያለው በኦፕሬተሩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ገንዘብ መግባቱ ብቻውን ትርፍ አይደለም። ኮምባይነር በአብዛኛው የሚከፈለው ባጨደው ኩንታል ልክ ነው። ኩንታል የማሳውን ምርት እንጂ የሞተሩን ድካም አያሳይም። ዝናብ ያስተኛውን ስንዴ ለማጨድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚገኘው ኩንታል ግን ጥቂት ነው። ሰዓቱን ያልመዘገበ አከራይ የትኛው ማሳ እንዳተረፈውና የትኛው እንዳከሰረው ሊያውቅ አይችልም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ተመን መወሰን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚገባ መለዋወጫ ላይ በግምት መነገድ አደገኛ ሆኗል።

ጉዳዩ የእርሻ ብቻ አይደለም። የሶፍትዌር ድርጅቶች ፕሮግራም የሚገነቡበትንና የሚፈትሹበትን ኮምፒውተር ከአማዞንና ከመሰሎቹ በኢንተርኔት ይከራያሉ። ሥራ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሥራው ሲያበቃ ይዘጋል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብዙዎቹን በሰከንድ እያሰላ ያስከፍላል። ይህን ያህል የተጣራ ሒሳብ እንኳ ስንት እንደተከፈለ ይናገራል እንጂ ገንዘቡን የትኛው ሥራ እንደበላው በራሱ አያሳይም። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ሲሰረዝም በውስጡ የነበረው ማስታወሻ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ድርጅቶች ማን አዘዘ፣ መቼ ተጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ሠራ፣ ስንት ደቂቃ ያለ ሥራ ቆመ የሚለውን ሌላ ቦታ ያኖሩታል።

ለምዕራብ ሸዋው አከራይ የሚበጀውም ይኸው ነው። መዝገቡ ከመሣሪያውም ከኦፕሬተሩም ውጭ ይቀመጥ። ውድ ዕቃ አያስፈልገውም፤ ቀን፣ ቀበሌ፣ የተከራይ ስም፣ ሰዓት ቆጣሪው በመነሻና በመድረሻ ያሳየው ቁጥር፣ ሄክታር ወይም ኩንታል፣ የነዳጅ ሊትር፣ ከቆመም ምክንያቱ የሰፈረበት ደብተር ይበቃል። ኦፕሬተሩ በየምሽቱ በስልክ ቢያስመዘግብ ሥራው ያልቃል።

መዝገብ ለግብር ሰብሳቢ ማስረጃ ይሆናል ብለው የሚሸሹ አሉ። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግን ገቢው በግምት ሲቆረጥበት መከራከሪያ፣ ወጪውንም የሚያስይዝበት ማስረጃ የለውም። ደላላም ቢሆን እምነት እንደጎደለበት ሊቆጥረው አይገባም፤ የሚያመጣው ሥራ በቁጥር ሲታይ ኮሚሽኑን የሚያስከብርለት ራሱ መዝገቡ ነው።

የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያ ራሱ ለብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ባንክም ሆነ ገዢ ዋጋ ሲገምት የሚጠይቀው ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሠራም ጭምር ነው። በአንድ ዓመት ከተገዙ ሁለት ትራክተሮች፣ ዘይቱ በየስንት ሰዓቱ እንደተቀየረ በጽሑፍ ያለው ከወንድሙ በላይ ቢያወጣ ሊያስገርም አይገባም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ገበያም ጭምር ነው።