ጥንብ አንሳና የማለዳ ፀሐይ

ልጆች ሆይ፥ በጅማ ከተማ በኪቶ ፉርዲሳ ጥንብ አንሳ በረጅም ዛፍ ላይ ያድራል። ሲነጋም ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ይህን የሚያደርገው ሰንፎ አይደለም። በጤዛ የራሰውን ላባውን ያደርቃል፥ የበረደውን አካሉን ያሞቃል፤ ምድርም ሞቃ አየሩ ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ክንፉን ብዙ ሳያርገበግብ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ የሞተ ከብት ባየ ጊዜ ወርዶ ይበላል፥ ክፉ ሽታንም ከመንደር ያርቃል።

ነገር ግን ሰዎች ለጅብ ብለው በሥጋ ላይ መርዝ ሲያደርጉ እርሱም በልቶ ይሞታል። ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ በ2008 ዓ.ም. ፈጽመው ሊጠፉ ከተቃረቡት አዕዋፍ ጋር ተቈጠረ።

ስለዚህ ፀሐይ ሲሞቅ ድንጋይ አትወርውሩበት፥ መልኩንም አይታችሁ አትናቁት። ሰውም ቢሆን ወፍም ቢሆን፥ ቆሻሻችንን የሚያነሣልን ሊከበር ይገባዋልና።