የሞተር ሙቀት ሲጨምር ከግዥ በፊት ምርመራ ይቅደም

የመኸር ዘር ወቅት ሲደርስ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግቢ የተለመደ ነገር አለ። ምርጥ ዘር መጋዘን ገብቷል፤ አርሶ አደሩ ማሳውን አለስልሶ ይጠብቃል፤ አሮጌዋ ፒክአፕ ግን ዛፍ ሥር ቆማለች። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ውሃ ታፈላለች፤ ሞተሯ አልቋል።»

ባለፈው ክረምት ለዘገባ በሄድኩበት አንድ ወረዳም ይህንኑ ሰማሁ። መኪናዋ የሞተር እድሳት ግዥ እየተጠበቀላት ሦስት ሳምንት ቆማለች። በመጨረሻ የመጣው መካኒክ ያገኘው ግን ከበጋው ውቂያ የቀረ ገለባና አቧራ የደፈነው ራዲያተርና ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ የራዲያተር ክዳን ነው። ሞተሩ ደህና ነበር። ዘሩ ግን በአህያ ጀርባ ዘግይቶ ቀበሌ ደረሰ።

የሙቀት መለኪያው ቀስት ሙቀት መጨመሩን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ምርመራው ምንም ወጪ ከሌለው ተነስቶ ወደ ውዱ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ መለኪያው ራሱ እውነት መናገሩ ይጣራ። ቀዝቃዛ ሞተር ገና እንደተነሳ ቀስቱ በአንድ ጊዜ ጫፍ ከነካ ጥርጣሬው በመለኪያው ሽቦ ወይም በሴንሰሩ ላይ ነው። በሌላ በኩል ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ ባዶ ከቀረ ሞተሩ እየተቃጠለ ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ቀስቱ ወረደ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀቱ መቼ ይጨምራል የሚለው ነው። ቆማ ወይም በዝግታ ስትሄድ ሞቃ በፍጥነት ስትሄድ ከቀዘቀዘች ፋኑና ቺንጊያው ይታዩ። ጭና ዳገት ስትወጣ ብቻ ከሆነ የራዲያተሩ መደፈን፣ የውሃ ማነስ ወይም የውሃ ፓምፑ ይጠረጠራል። ሞተሩ ሞቆ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው ጎማ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ አልከፈተም ማለት ሊሆን ይችላል። የሞተር ዘይት ወተት ከመሰለ ወይም በራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከታየ ግን ነገሩ የቴስታታ ጋስኬት ስለሆነ መኪናዋ አትነዳ።

ክዳኑን መናቅ በተለይ ለደጋ አካባቢ አይበጅም። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ የተሰነጠቀው ግን ውሃው ቀድሞ እንዲፈላ ያደርጋል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ጭኖ የወጣ ሹፌር ይህን ያውቀዋል።

የተለመዱ ስህተቶችም ይቅሩ። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ሰው ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል። ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ በተገቢው ሙቀት እንዳይሠራ አድርጎ ነዳጅ ያስበላል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ሙቀቱን ያባብሳል። የወንዝ ውሃ ለድንገተኛ ችግር ነው፤ በኩላንት ካልተተካ ዝገትና ደለል ያመጣል።

«ያረጀ መኪና ይተካ እንጂ ምን ይጠገናል?» የሚሉ አሉ። መተካቱ ተገቢ ነው። አዲሱ እስኪመጣ ግን ዘሩም የእንስሳት ክትባቱም የሚጓዘው በአሮጌዋ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። ሹፌሩ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃና ዘይት አይቶ ይመዝግብ፤ ያየውንም የሚሰማው ሰው ይኑር። ለክዳን፣ ለቺንጊያና ለጎማ ቱቦ የሚሆን አነስተኛ የጥገና ገንዘብ በእጅ ይኑር። ማንኛውም የሞተር እድሳት ጥያቄም የምርመራ ውጤት በጽሑፍ ሳይያያዝበት አይፈረም። ከውቂያ ወራት በኋላ ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ ማጠብ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም።

ዝናብ የክፍል ለክፍል ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም። በገለባ ምክንያት የቆመች መኪና የምታስቀረው የአርሶ አደሩን የዘር ጊዜ ነው።